ለወንበር ሞዴል 19 አለ፤ ከወህኒ ለወጣው ሰውዬ ማን ፈረመ?

(ከዚህ በታች የምታነቡት በላሊበላ ከተማ ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ ለካህናትና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር ነው። ጉዳዩ የላስታ ብቻ ስላልሆነ ለአንባቢ እንዲመች ንዑስ ርዕሶች ሰጥተን አቅርበነዋል።)



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሰው አፉን ሞልቶ የሚያወራው ጉዳይ አይደለም። ቡና ላይ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ልጅ ካለ «ውጪ ውጣና ተጫወት» ይባላል። እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ሴት ወይም ሕፃን ደፍሮ የታሰረ ሰው፣ ወይም «አእምሮው ታውኳል» ተብሎ ሆስፒታል የገባ ሰው፣ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ማን ይቀበለዋል? ይደግመዋል ወይስ አይደግመውም? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሁሉ ሞዴል 19ን ታውቃላችሁ። አንድ ወንበር ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። እግሩ የተሰበረ ወንበር እንኳ ቢሆን አስረካቢ አለው፣ ተረካቢ አለው፣ ፊርማና ማኅተም አለው። ከወህኒ በር የሚወጣው ሰውስ? ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይወጣል፣ መናኸሪያ ሄዶ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ አለቀ! አስረካቢ እንጂ ተረካቢ የለውም።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ድጋሚ ጥቃት የሚደርሰው ባብዛኛው ርክክቡ በተቋረጠበት ቦታ ላይ ነው። ከቤት ወደ ሕግ፣ ከሕግ ወደ ወህኒ፣ ከወህኒ ወይም ከሆስፒታል ወደ ሰፈር። በእነዚህ በሮች ላይ የሚፈርም ሰው ከጠፋ፣ ሒሳቡን የምትከፍለው ሌላ ልጅ ናት።

«ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይተውም» — እውነት ነው?

በየሰፈሩ ሁለት ዓይነት ተናጋሪ አለ። አንዱ «ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይተውም፤ አንዴ የደፈረ ዘላለም ደፋሪ ነው፤ መስቀል ነው!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል፤ እግዜር ይማረው፤ እኛ ምን አገባን» ይላል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ግን ቁጥሩን አላዩም።

ካናዳዊው ተመራማሪ ካርል ሃንሰን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሥራ 61 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። ከወህኒ ወይም ከሕክምና ወጥተው ለ4 እና ለ5 ዓመታት ያህል ክትትል ከተደረገላቸው የወሲብ ወንጀለኞች መካከል እንደገና በዚያው ዓይነት ወንጀል የተያዙት ከመቶ 13.4 ነበሩ። ከ7 ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሌላ የካናዳ ጥናት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ከመቶ 14፣ በ10 ዓመት ከመቶ 20፣ በ15 ዓመት ከመቶ 24 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከ15 ዓመት በኋላም ቢሆን ከአራቱ ሦስቱ በዚህ ወንጀል እንደገና አልተያዙም።

«ታዲያ ምን ያስጮኸናል?» የሚል ይኖራል። ቆይ! አንደኛ፣ አልተያዘም ማለት አላደረገም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት አይቻልም። በዚያው የ2004 ጥናት ውስጥ ከዚህ በፊት በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው የማያውቁት በ15 ዓመት ውስጥ የደገሙት ከመቶ 19 ሲሆኑ፣ ከዚህ በፊት ተፈርዶባቸው የነበሩት ግን ከመቶ 37 ናቸው። በገዛ ቤተሰባቸው ልጅ ላይ ወንጀል ከፈጸሙት የደገሙት ከመቶ 13፣ የሰው ወንድ ልጆችን ካጠቁት ደግሞ ከመቶ 35 ናቸው። ሲፈታ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከወጣቱ ይልቅ የመድገም ዕድሉ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው።

ይህ ምን ይነግረናል? አደጋው እኩል አይደለም። አንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥጥር ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዓይን ሊነቀልበት አይገባም። የመንግሥት ሥራ ይህን መለየት ነበር። የእኛ መንግሥታት ግን፣ የቀደሙትም የአሁኑም፣ መለየቱ ቀርቶ መቁጠሩንም አልጀመሩት። በአገራችን «ከወጡት ስንቱ ደገመው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ ቁጥር የለም።

አንደኛው ሳይመዘገብ ሁለተኛው እንዴት ይቆጠራል?

ለምን የለም? ምክንያቱም የመጀመሪያው ወንጀል ራሱ መዝገብ ላይ አልወጣም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ከመቶ 10 የሚሆኑት ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። አካላዊም ሆነ ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ከመቶ 23 ብቻ ናቸው። ሦስት እጅ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም ማለት ነው። ዝም ያሉበትን ምክንያት እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

አንዲት ልጅ ተደፍራ ስትገኝ መጀመሪያ የሚመጣው ማነው? ፖሊስ ነው? አይደለም። ሽማግሌ ነው። «ነገሩን እናብርደው፤ ልጅቷም ስሟ ይጠፋል፤ ካሣ ይክፈል፤ ወይ ያግባት!» ይባላል። በሬ ይነዳል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ጠላ ይጠጣል። ሰውየው «ታርቋል» ይባልና ቤቱ ይገባል። በሕግ ዓይን ግን ንጹሕ ሰው ነው! በሌላ ወረዳ ሁለተኛውን ሲያደርግ «የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው» ተብሎ ቅጣት ይቀልለታል። ጉድ አይደለም?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ደፋሪው ወይም ጠላፊው ተበዳይዋን ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ከሽማግሌው ጋር ቁጭ ብሎ ጠላ ይጠጣ ነበር ማለት ይቻላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ዛሬ ጠላፊው ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ ከሆነ ከ13 እስከ 25 ዓመት። ወረቀቱ ተለውጧል። ሽማግሌው ግን ገና አልተነገረው ይመስላል።

ሌላም ነገር አለ። ሕጋችን «ደጋሚ» ብሎ ቅጣት የሚያከብድበት ሰው፣ የቀድሞ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ አዲስ ወንጀል የሠራ ነው። አስቀድሜ የነገርኳችሁን አስታውሱ፤ በ5 ዓመት ከመቶ 14፣ በ15 ዓመት ከመቶ 24። የሕጉ ዓይን የሚከደነው አደጋው ገና ሳያልቅ ነው።

እዚሁ ወሎ ውስጥ የሆነውን ረሳነው?

«ይህ የፈረንጅ ጥናት ነው፤ እኛን አይመለከትም» ለሚል ሰው ሩቅ አልሄድም። ደቡብ ወሎ፣ ጃሪ። በዚያ ወላጅ ላጡ ልጆች የተቋቋመና ቴር ዴ ዞም ሎዛን በሚባል የስዊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደር የሕፃናት መንደር ነበር። የመንደሩ ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊ ዴቪድ ክሪስቲ በሚያሳድጋቸው ወንዶች ልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ነገሩን ያጋለጡት ባልና ሚስትም ከዓመታት በኋላ በስም ማጥፋት ክስ ፍርድ ቤት ተጎትተዋል። የተናገረ ተከሰሰ!

ከጃሪ ምን እንማራለን? እንዲህ ዓይነቱ ሰው በጨለማ ጥግ ላይ ተደብቆ የሚጠብቅ ሽፍታ አይደለም። ቁልፍ የተሰጠው ሰው ነው። እንጀራ የሚያበላ፣ ደብተር የሚገዛ፣ «አባባ» የሚባል ሰው ነው። ተደጋጋሚ ጥቃት ወህኒ ከመግባትም በፊት አለ። የመጀመሪያው ልጅ ዝም ሲል ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ዝም ሲል ሦስተኛው።

አሁን ወደ ላሊበላ እንምጣ። ለገና በዓል ከአገር ዳር እስከ ዳር ሕዝብ ይጎርፋል፤ ሰላም በሆነበት ዘመን ቱሪስቱም ይመጣል። ሊስትሮው፣ ጫማ ጠባቂው፣ «ላስጎብኝህ» የሚለው ልጅ ሁሉ «ስፖንሰር» ይፈልጋል። ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች አሉ፤ አባትና እናታቸው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቀው ነው ያሉት። የቆሎ ተማሪው ከወላጁ ተለይቶ በየኔታ እጅ ነው። ለእነዚህ ልጆች መልካም የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ እግዜር ይስጠው። ግን «ልጅህን ላስተምርልህ» ያለውን ሰው ከየት እንደመጣ፣ በአገሩ ተከሶ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? ለሥራ ስንቀጠር «ከወንጀል ነፃ» የሚል የፖሊስ ማስረጃ አምጡ እንባላለን። ልጃችንን ቤቱ ለሚያሳድር ሰውስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

የባሕር ዳሩ ጩኸት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ ሄቨን የምትባል የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ወንጀለኛው 25 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ ማለቱ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲሰማ አገር ተንጫጫ፤ ከ200 ሺሕ በላይ ሰው ፍትሕ ይሰጣት ብሎ ፊርማውን አኖረ። «25 ዓመት ምን ይባላል? ሞት ነው እንጂ!» ተባለ።

የእናትን እንባ የሚያይ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። እኔም 25 ዓመት በዛ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ያ ሁሉ ፊርማ የተሰበሰበው ልጅቷ ከሞተች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በየወረዳው ስማቸው ያልተጠራ፣ ያልሞቱ፣ ግን የተበደሉ ልጆች አሉ። የእነሱ በዳዮች 5 ዓመት፣ 7 ዓመት፣ 10 ዓመት ታስረው ይወጣሉ። በሕጋችን እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰና ጠባዩ ከተመሰገነ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። 9 ዓመት የተፈረደበት በ6 ዓመት ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በየበዓሉም በሺሕ የሚቆጠር እስረኛ በይቅርታ ይለቀቃል። ስለ ቅጣቱ ርዝመት እንጮሃለን፤ ቅጣቱ ስለሚያልቅበት ቀን ግን ማን ጮኸ?

ውስጥ እያለስ ምን ይደረግለታል? እንጨት ሥራ ይማራል፣ ሽመና ይማራል፣ ልብስ ስፌት ይማራል። ጥሩ ነው፤ እሰየው። ግን ሴት ደፍሮ የገባ ሰው ሽመና ተምሮ ሲወጣ፣ ሽመና የሚችል ደፋሪ እንዳይሆን ምን ተሠራ? ስላደረገው ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ያናገረው ባለሙያ አለ? «ያኔ ምን አሰብክ? ምን ገፋፋህ? ነገ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» ያለው ማነው?

ሕክምናና ምክር ፋይዳ አለው ወይ ለሚል፣ አለው፤ ግን ሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣና 23 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ እንደሚያሳየው ሕክምና ካገኙት ውስጥ ከመቶ 11 ያህሉ፣ ካላገኙት ደግሞ ከመቶ 19 ያህሉ ደግመዋል። እንግሊዞች በበኩላቸው ለብዙ ዓመታት በወህኒ ቤቶቻቸው ሲያካሂዱት የኖሩትን አንድ ትልቅ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 መርምረው፣ የተማሩት ከመቶ 10 ሲደግሙ ያልተማሩት ከመቶ 8 ሆነው ቢያገኟቸው ዘጉት። አያችሁ? ገንዘብ ፈሶበት ምንም ያልጠቀመ ሥራም አለ። ልዩነቱ ግን እነሱ ቆጠሩ፤ ስላልሠራም ዘጉ። እኛ የሚዘጋም የሚከፈትም የለንም።

ዕብድ የገበያ ቀን አይመርጥም

አሁን ወደ ሆስፒታሉ በር ልምጣ። እንዲህ ዓይነት ወንጀል ሲሰማ «ጤነኛ ሰው ይህን አያደርግም፤ ዕብድ ነው» ይባላል። ይህ አባባል ሁለት ሰው ይበድላል። አንደኛ ወንጀለኛውን ነፃ ያወጣል። ዕብድ የገበያ ቀን አይመርጥም! እናት ቅዳሜ ገበያ እስክትወርድ ጠብቆ፣ ከረሜላ ገዝቶ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ አስፈራርቶ የሠራ ሰው አእምሮው በደንብ እየሠራ ነበር። አብዛኞቹ ደፋሪዎች እንዲህ ያሉ ናቸው።

ሁለተኛ፣ በሽተኛውን ይበድላል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ባብዛኛው ሰው አይነካም፤ እንዲያውም ተጠቂው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ራሷን ስታ በየመንገዱ የምታድር ሴት ስንት ጊዜ እንደምትጠቃ ሰፈሩ ያውቃል። ማንም ግን «ዋስ ሆኜ ልክሰስላት» አይልም።

እርግጥ ነው፣ በእውነት ታሞ ወንጀል የሚሠራም አለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ለእሱ ሕጉ መልስ አለው። ፍርድ ቤቱ በሐኪም አስመርምሮ ኃላፊነት የለበትም ካለ፣ አደገኛ ከሆነ ሆስፒታል እንዲዘጋበት፣ ካልሆነም እንዲታከም ያዝዛል። ሆስፒታሉስ የት ነው? አማኑኤል፣ አዲስ አበባ። በጣሊያን ጊዜ የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪም ስፔሻሊስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። ከላስታ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሽተኛው ተሽሎት መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ ሲመለስ፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን ማን ያውቃል? መንገድ ቢዘጋስ? ሐኪሙ እዚያ፣ ፍርድ ቤቱ እዚህ፣ ቤተሰቡ ተራራ ላይ። አሁንም አስረካቢ እንጂ ተረካቢ የለም።

ከከተማችን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለውን ጠበል ከድንጋዩ ገንዳ ቀድቶ የሚጠጣ ሕመምተኛ ሁላችንም አይተናል። እምነቱን የሚነካ ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን አባቶች ካህናት፣ አደራ! ጠበሉና ክኒኑ አይጣሉም። «መድኃኒቱን ተው» የሚል ሰው ካለ፣ ሕመሙ ተመልሶ ለሚያመጣው ጣጣ ማን ይጠየቃል?

ጠመንጃ ይዞ የደፈረውስ?

ይህን ሳልናገር ብወርድ ታዝባችሁኝ ትቀራላችሁ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ከተማ ራሱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቆ ነበር። ጎረቤታችን ነፋስ መውጫ ላይ በታጣቂዎቹ የተደፈሩ 16 ሴቶች የደረሰባቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ሪፖርት ደግሞ በትግራዩ ጦርነት ሁሉም ተዋጊ ወገኖች ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን ገልጸዋል። ሁሉም!

እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? ወህኒ አልገቡም፤ ሆስፒታል አልገቡም። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ባል፣ አባት፣ ጎረቤት፣ ምናልባትም ዘበኛና ፖሊስ ሆነዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል፤ ፖሊሲ ግን ካቴና አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ዳግመኛ የተነሳው ግጭት ደግሞ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ አብዝቶታል። ስለ ድጋሚ ወንጀል ስናወራ አንድ ጊዜም ያልተጠየቀውን ሰው ዘለን በመሸታ ቤት ሰካራም ላይ ብቻ ብንጮህ ራሳችንን ማታለል ነው።

ስሙን ግንብ ላይ እንለጥፈው?

«ፎቶውን በየመብራት እንጨቱ እንለጥፍ» የሚሉ አሉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የወሲብ ወንጀለኛን ስምና አድራሻ ለሕዝብ እንዲገለጽ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። የሕጉ መነሻ በሆነችው በኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ግን ሕጉ ድጋሚ ወንጀልን አልቀነሰም ብሎ ደመደመ። ለምን? ሥራ ያጣ፣ ቤት ያጣ፣ በድንጋይ የተባረረ ሰው ይሰወራል፤ ማንም ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። የላሊበላን ልጅ አድነን የቆቦን ልጅ አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው። በዚያ ላይ የእሱ ፎቶ ሲለጠፍ የተበዳይዋም ማንነት አብሮ ይለጠፋል፤ በትንሽ ከተማ ማን ማንን አያውቅም?

መዝገብ ግን ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ብሔራዊ መዝገብ አቋቁማለች፤ ናይጄሪያም እ.ኤ.አ. በ2019 ጀምራለች። እኔ የምለው እንደ ባንክ ደብተር ያለ መዝገብ ነው። ለሁሉም የማይገለጥ፣ ነገር ግን ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ወይም ሆስቴል ሰው ከመቅጠሩ በፊት ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ1994 ካናዳ ውስጥ ሃሚልተን በምትባል ከተማ ሕፃናትን በማጥቃት ተደጋግሞ የታሰረ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ፖሊስ ተጨነቀ። አንድ የትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ከምእመኑ ጥቂት ሰው አሰባስቦ ሰውየውን ከበበው። በየቀኑ አንዱ ይጠይቀዋል፤ የት ዋልክ? ከማን ጋር ነበርክ? ምን አሰብክ? ሥራ ፈለጉለት፣ ቤት ፈለጉለት፤ ዓይናቸውን ግን ከእሱ ላይ አላነሱም። ሰውየው እስኪሞት ድረስ ወደዚያ ወንጀል መመለሱ አልተሰማም። ይህ አሠራር ተስፋፍቶ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በዕጣ በተደለደሉ ተፈቺዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ በወሲብ ወንጀል እንደገና የመያዝን ዕድል በ88 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ።

እስቲ ይህን በእኛ ቋንቋ ተርጉሙት። እድር አይደለም? የንስሐ አባት አይደለም? ማኅበር አይደለም? እነሱ አዲስ ነገር ብለው የፈጠሩት ለእኛ የአያት ቅድመ አያት ነገር ነው! ግን እኛ በምን አዋልነው? ነገር ለመሸፈን። ሽማግሌው ከፍርድ ቤት ፊት ቀድሞ ስለመጣ ወንጀል ደበቀ፤ ከወህኒ በኋላ ቢመጣ ኖሮ ልጅ ያድን ነበር። ሽምግልናን አትተዉት፤ ቦታውን ቀይሩት ነው የምለው።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን እላለሁ።

አንደኛ፦ በልጅና በሴት ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሽማግሌ አይያዝ። ፖሊስ ጣቢያና ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን ይደረስ። «ላስታርቅ» ብሎ የሚመጣ ሽማግሌ ካለ «ከፍርድ በኋላ ና» ይባል።

ሁለተኛ፦ ማረሚያ ቤቱ እንዲህ ያለውን ሰው ከመፍታቱ ከወራት በፊት ለፍርድ ቤቱ፣ ለወረዳው ፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቅ። ከሁሉ በፊት ግን ለተበዳይዋና ለቤተሰቧ ይነገራቸው። አንዲት ልጅ የደፈራት ሰው መፈታቱን ገበያ ላይ ፊት ለፊት ገጥሟት ማወቅ የለባትም!

ሦስተኛ፦ ሕጋችን ፍርድ ቤት አንድን ሰው ወደ ተወሰነ ቦታ እንዳይሄድ እንዲከለክል፣ በተወሰነ ስፍራ እንዲኖር እንዲያዝዝ፣ በክትትል ሥር እንዲያደርገው የሚያስችሉ አንቀጾች አሉት። ዐቃቤ ሕግ ይጠይቅባቸው፤ ዳኛ ይጠቀምባቸው። ሕግ መሳቢያ ውስጥ አይጠናም።

አራተኛ፦ በየቀበሌው አራት አምስት ሰው ይመደብ። ከእድር አንድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ አንድ፣ ከጤና ጣቢያ አንድ፣ ሴት መምህርት አንዲት። ሰውየው ሥራ እንዲያገኝ ይርዱት፤ የታመመ ከሆነ መድኃኒቱ እንዳያልቅበት ይከታተሉት። ነገር ግን ወደ ልጅቷ ሰፈር ሲያጮልቅ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቆም፣ ሕፃን ወደ ቤቱ ሲጠራ ከተገኘ በዚያው ዕለት ለፖሊስ ይነገር። በንስሐ የተነገረ ምስጢር ለአባቶች የተተወ ነው፤ በዓይን የታየ ግን ምስጢር አይደለም።

አምስተኛ፦ መንግሥት ይቁጠር። በዚህ ዓመት ስንት እንዲህ ያለ እስረኛ ተፈታ? ስንቱ ተመልሶ ገባ? ለዚህ ዶላር አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የማይቆጥር መንግሥት እንዲታወቅበት የማይፈልገው ነገር አለ ብሎ ሕዝብ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

«ለደፋሪ ሥራ ፈልጉ ትላለህ እንዴ?» የሚል ቁጣ በአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ አነባለሁ። አዎ፣ እላለሁ። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ሥራ ያለው፣ ቤት ያለው፣ በየቀኑ የሚጠየቅ ሰው የት እንዳለ ይታወቃል። የተባረረው ግን የት እንዳለ የሚያውቀው ቀጣይዋ ተጠቂ ብቻ ናት።

ልጅቷንም አንርሳት። እሱ ሲፈታ ዜና ነው፤ እሷ ግን ታስራ የቆየችው በገዛ ቤቷ ነው። ትምህርት ያቋረጠች፣ ሰው ፊት መቅረብ የፈራች፣ «የተደፈረችው» የሚል ስም የወጣላት። ለእሱ የሚመደበው ኮሚቴ ለእሷ ካልተመደበ ሥራው ግማሽ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ። የእድራችሁን ዳኛ «እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ጨርሰን እናውቃለን?» በሉት። የትምህርት ቤታችሁን ርዕሰ መምህር «ዘበኛውን ስትቀጥር ማስረጃ ጠየቅህ?» በሉት። የወረዳውን ፖሊስ አዛዥ ደግሞ «በዚህ ዓመት ከወልድያ ማረሚያ ቤት ወደ እኛ ወረዳ የተፈታ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ማን ተረከበው?» በሉት። መልስ ከሰጣችሁ አመስግኑት። «አላውቅም» ካላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ጠይቁት። በሦስተኛውም ሳምንት ጠይቁት። ፈርሞ የሚረከብ ሰው እስኪገኝ ድረስ!